ክንፍ አልባው ፔጆና የጽናት ውድድር መኪና መልክ

ማርሽ_ስድስት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሃይፐርካር ክፍልን (የጽናት ውድድር ከፍተኛውን የመኪና ምድብ) ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ሰዎች እንድትመልሱልኝ የምፈልገው ጥያቄ አለኝ (ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ፔጆ 9ኤክስ8 በ2021 ለሕዝብ ሲታይ የኋላ ክንፍ አልነበረውም። ጁላይ 2022 ጣሊያን ሞንዛ ሜዳ ላይ እንደዚያው ሆኖ ውድድር ጀመረ። ኤፕሪል 2024 ኢሞላ ላይ ግን ትልቅ ክንፍ ተሸክሞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ሁለት ዓይነት ወሬ ነው። አንዱ ወገን «ሠዓሊዎቹ መሐንዲሶቹን አሸንፈው መኪናዋን አበላሹ» ይላል። ሌላው «ዛሬ ሕጉ ሁሉንም እኩል ስለሚያደርግ መልክ በነፃ ነው፤ ያሻህን ሣል» ይላል።

ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ቅርጻቸው ይህን ያህል የሚለያይ መኪኖች እንዴት ተቀራራቢ ሰዓት ይነዳሉ? ክንፉ የቀረው ለመልክ ሲባል ነበር? የፊት መብራቱ፣ ፍርግርጉና ቀለሙስ በ24 ሰዓት ውድድር ውስጥ በሰከንድ ወይም በኪሎ የሚቆጠር ዋጋ አላቸው?

---

የነፋስ_ዋሻ

ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልነሣ፤ እሱ ካልጠራ ሌላው አይጠራም።

ከሃይፐርካር በፊት ከፍተኛው ምድብ በነበረው በኤል ኤም ፒ 1 ዘመን እያንዳንዱ የአካል ጥምዝ ለአየር ብቻ ይሠራ ነበር። ፋብሪካዎቹ ለሌ ማን (ለፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር) የአየር ተቃውሞው የቀነሰ አካል፣ ለሌሎቹ ሜዳዎች ደግሞ ዳውንፎርሱ (አየሩ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል) የበዛ አካል ያዘጋጁ ነበር። የሌ ማን ዙር 13.626 ኪሎ ሜትር ስለሆነና አብዛኛው ቀጥታ ስለሆነ፣ ጥቂት የአየር ተቃውሞ የቀነሰ ሰው ብዙ ያተርፋል። በዚያ ጊዜ «ለመልክ» ተብሎ የሚቀመጥ አንዲት መስመር ብትኖር ዋጋዋ ወዲያው ሰዓቱ ላይ ይታይ ነበር።

በ2021 የጀመረው የሃይፐርካር ሕግ ይህን ከሥሩ ቀየረው። የመኪናው ርዝመት 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ስፋቱ ከ2 ሜትር አይበልጥም። መነሻ ክብደቱ 1,030 ኪሎ ነው። ጉልበቱ በ500 ኪሎዋት፣ ማለትም በ680 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ታጥሯል። ለጥያቄህ ዋናው ግን የአየሩ ሕግ ነው፤ የዳውንፎርስና የአየር ተቃውሞ ምጣኔ ከ4 ለ1 እንዳይበልጥ ተወስኗል። እያንዳንዱ መኪና ነፋስ ዋሻ (አየር በማሽን የሚነፍስበት የመለኪያ ክፍል) ውስጥ ገብቶ ይለካል። ፋብሪካው ሙሉውን ራሱ የሚሠራቸው ኤል ኤም ኤች የሚባሉት ስዊዘርላንድ ሂንቪል ባለው የሳውበር ዋሻ፣ በተገዛ ቻንሲ ላይ የሚሠሩት ኤል ኤም ዲ ኤች የሚባሉት ደግሞ አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ባለው የዊንድሺር ዋሻ ተለኩ። ቁጥሩ ከተፈቀደው «መስኮት» ውስጥ መውደቅ አለበት። ከመስኮቱ የሚሻል መኪና ሠርተህ ብትመጣ አይፈቀድልህም።

እንግዲህ አስበው። ጥሩ የአየር ክፍል ያለው ፋብሪካ ይህን ምጣኔ ብዙም ሳይጨነቅ ይደርስበታል። የሚቀረው አቅም ምን ይሠራበት? ከፊሉ ለመልክ ይሰጣል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ወደ እሱ የሚያደርሰው ቅርጽ ግን ብዙ ነው። የፌራሪ 499ፒ የኋላ ክንፍ ሁለት ንጣፍ ሆኖ የመብራት መስመር የተዘረጋበት ለዚህ ነው። 499ፒ በፌራሪ የራሱ የቅርጽ ማዕከል፣ በፍላቪዮ ማንዞኒ መሪነት ተሣለ፤ ሌ ማንን በ2023፣ በ2024 እና በ2025 አሸነፈ።

ኤል ኤም ዲ ኤች ላይ ደግሞ መልኩ ከነጭራሹ የሕጉ አካል ነው። የመኪናው ቻንሲ ከአራት አምራቾች ብቻ ይገዛል፦ ዳላራ፣ ኦሬካ፣ መልቲማቲክና ሊዢየር። የኤሌክትሪክ ሞተሩ የቦሽ፣ ካምቢዮው የኤክስትራክ ነው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት። ካዲላክና ቢ ኤም ደብሊው ሁለቱም ዳላራ ላይ ነው የተሠሩት። አኩራና አልፒን ሁለቱም ኦሬካ ላይ። ላሜራውን ገፈህ ብታያቸው እኅትማማች ናቸው። ስለዚህ አካሉ የየፋብሪካውን መልክ እንዲይዝ ሕጉ ራሱ ይጠይቃል። ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ከ2017 እስከ 2022 በነበረው ዲ ፒ አይ ክፍልም አፍንጫው፣ ጎኑና የኋላ ፓራፋንጎው የፋብሪካውን መልክ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። ፋብሪካዎቹን ወደ ሜዳው ካመጧቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ካዲላክ በቀጥ ያሉ መብራቶቹ፣ ቢ ኤም ደብሊው በሚያበራው የኩላሊት ፍርግርጉ ከሩቅ ይታወቃል።

በአጭሩ፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ላለው ፍጥነት ብቻ ካሰብን፣ መልክ ዛሬ የሚያስከፍለው የለም ማለት ይቻላል።

---

ሞላና_ወለል

የነፋስ_ዋሻ የጻፈውን ሕግ በሙሉ እቀበላለሁ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አልቀበልም፤ የፔጆም ነገር የሚገኘው እዚያው ላይ ነው።

ዋሻው መኪናውን የሚለካው በተወሰኑ፣ በተረጋጉ አቀማመጦች ነው። ውድድሩ ግን እንዲያ አይደለም። መኪናው ይዘላል፣ ያዘነብላል፣ ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ይወርዳል፣ የሌላውን መኪና የተበጠበጠ አየር ይከተላል፣ ጎማው ይበላል። ሁለት መኪኖች ዋሻው ውስጥ አንድ ቁጥር ይዘው ወጥተው ሜዳ ላይ ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። መልክ ዋጋውን የሚያስከፍለው ከመስኮቱ ውጭ ባሉት ሁኔታዎች ነው።

የፔጆ ሐሳብ በራሱ ትክክል ነበር። የተፈቀደው ዳውንፎርስ መጠነኛ ከሆነ፣ ከወለሉ ሥር ባሉት የአየር ቦዮች ብቻ ይገኛል፤ ክንፉ ለምን ያስፈልጋል? ሐሳቡ የሠዓሊዎች ብቻ አልነበረም፤ መሐንዲሶቹም በሒሳብ አምነውበት የገቡበት ነው። የቅርጽ ክፍሉ ዕድሉን በደስታ ተቀበለው፤ ማንም ሰው ያንን መኪና ከሌላው አያምታታውም ነበር።

ያላገዘው ነገር ሦስት ነው፤ ሦስቱም የተያያዙ ናቸው።

መጀመሪያ ጎማው። መኪናው ሲታሰብ ከፊትም ከኋላም እኩል 31 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነበር የተመረጠለት። የፊት እግሩን የኤሌክትሪክ ሞተር፣ የኋላውን 2.6 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ስለሚነዱት፣ አራቱም እግር እኩል ይሠራል ከተባለ እኩል ጎማ ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን የፊቱ ሞተር ጉልበት እንዲሰጥ የሚፈቀድለት ፍጥነቱ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ብቻ ሆነ። ከዝግ ኩርባ ሲወጣ፣ መያዣ በጣም በሚያስፈልግበት ቅጽበት፣ መኪናው በኋላ እግሩ ብቻ ይገፋል። ተፎካካሪው በ34 ሳንቲ ሜትር የኋላ ጎማ ሲወጣ እሱ በ31 ይወጣል። የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ዘመኑ ያጥራል።

ሁለተኛው ወለሉ ነው። ከሥር የሚመጣ ዳውንፎርስ ወለሉ ከመሬት ባለው ርቀት ላይ ይወሰናል። ወለሉ ወደ መሬት ሲቀርብ አየሩ ይፈጥናል፣ ጫናው ይጨምራል። ከመጠን በላይ ሲቀርብ ደግሞ አየሩ ይታፈንና ጫናው ባንዴ ይጠፋል። ይህን ለመከላከል ጠንካራ ሞላ ታስገባለህ፤ ጠንካራ ሞላ ደግሞ ጎማውን ጎርባጣ ላይ ያዘልለዋል። የአሜሪካው ሴብሪንግ ሜዳ የቀድሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የኮንክሪት ንጣፎቹ መጋጠሚያ እስከ ዛሬ ይመታል። ወለሉ ላይ ብቻ የተማመነ መኪና እዚያ ይቸገራል። ክንፍ ያለው መኪና ግን ከዳውንፎርሱ ከፊሉ ከፍታው ቢለዋወጥም ብዙ አይናወጥበትም።

ሦስተኛው ሚዛን ነው። ሕጉ የሚስተካከል የአየር መሣሪያ አንድ ብቻ ይፈቅዳል። ትልቅ ክንፍ ላይ ጥቂት ዲግሪ ብትቀይር የመኪናው ሚዛን ከፊት ወደ ኋላ በግልጽ ይሸጋገራል። ክንፍ በሌለው መኪና ትንሽ ክፋይ ብታንቀሳቅስ የምታገኘው ለውጥ ጠባብ ነው። ሌ ማን ሌሊት አስፋልቱ ሲቀዘቅዝ ወይም ዝናብ ሲጥል የምትነካው ነገር ያንስሃል።

ፔጆ ወደ 29 የፊትና 34 የኋላ ጎማ ለመሄድ ሲወስን የክብደቱም የአየሩም ሚዛን ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት። ክንፉ የመጣው ለዚህ ነው። «ዳውንፎርስ አነሰው» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ ጠቅላላ ዳውንፎርሱ በሕግ የታጠረ ነው። የተቀየረው ጫናው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ከላይ የምታየው አካልም ከሞላ ጎደል በሙሉ ተቀየረ።

ለፍትሕ ሲባል፣ ክንፍ አልባው 9ኤክስ8 በ2023 ሞንዛ ላይ ሦስተኛ ወጥቷል። የመጨረሻ ውድድሩ በሆነው በማርች 2024 ኳታር ላይ ደግሞ ቁጥር 93 መጨረሻው ላይ ነዳጅ እስኪያልቅበት ድረስ ሁለተኛ ሆኖ ይነዳ ነበር። የኳታሩ ሉሳይል ለስላሳ ሜዳ መሆኑን ልብ በሉ።

---

ማርሽ_ስድስት

የጎማው ነገር ጨርሶ አልተገለጠልኝም ነበር፤ አመሰግናለሁ። ታዲያ ሕጉ መልክን ነፃ ባያደርግ ኖሮ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ይሆን ነበር ማለት ነው? ደግሞ የመብራቱና የቀለሙ ጥያቄ አልተመለሰም።

---

ፓራፋንጎ_ሠሪ

መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ቀለሙን እኔ ልያዘው።

መብራት። ሁለት ነገር ለይተህ እይ። አንዱ ፋብሪካውን የሚያሳውቅ የመብራት መስመር ነው፤ የላምቦርጊኒው ባለ ሹካ ቅርጽ፣ የፔጆ ሦስት የጥፍር ጭረቶች። ይህ ጥቂት ዋት የሚበላ ቀጭን ኤል ኢ ዲ ነው፣ ክብደቱም ኢምንት። ሌላው መንገድ የሚያሳየው ፓውዛ ነው። በሰዓት 330 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በሰከንድ 92 ሜትር ይሄዳል። ሌ ማን ላይ ከ24ቱ ሰዓት ስምንቱ ገደማ ጨለማ ስለሆነ ፓውዛው ሩቅ ካላየ ሾፌሩ ፍሬን የሚይዝበትን ምልክት በግምት ይፈልጋል።

ችግር የሚመጣው ሠዓሊው ፓውዛውን በጣም ዝቅ፣ በጣም ጠባብ አድርጎ ሲሥል ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ሙቀት መውጫ ያጣል፤ ኤል ኢ ዲ ሲግል ብርሃኑ ይደክማል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ዝቅ ካለ ደግሞ ከፊት የሚሄደው መኪና የሚረጨው አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ መስታወቱን ይልጠዋል። መስታወቱ ፖሊካርቦኔት ስለሆነ በቀላሉ ይጫጫራል። ስለዚህ ከላዩ የሚላጥ ፊልም ይለጠፋል፤ ሌሊቱ ሳይገባ አንዱ ንጣፍ ይነሣል።

አፍንጫው ሲሰበር ፓውዛው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መለዋወጫው አፍንጫ መብራቱ ተገጥሞ፣ ጨረሩም ከውድድሩ በፊት በመለኪያ ሰሌዳ ፊት ተስተካክሎ መጠበቅ አለበት። ይህን የዘነጋ ቡድን በሌሊት አፍንጫ ይቀይርና ሾፌሩ ወደ ዛፍ የሚያበራ መኪና ይነዳል። የኤሌክትሪክ ማገናኛው ደግሞ ከአፍንጫው መያዣ ጋር አብሮ በአንድ ግፊት መላቀቅ አለበት። የመብራት መስመሩ ከአፍንጫ ወደ ፓራፋንጎ የሚሻገር ከሆነ ሁለት ማገናኛ ያስፈልጋል፤ ፒት (መኪናው ቆሞ የሚጠገንበት ቦታ) ውስጥ አንድ ተጨማሪ እጅ፣ አንድ ተጨማሪ የሚረሳ ነገር። መልክ በሰከንድ የሚከፈልበት እውነተኛ ቦታ ይህ ነው።

ማቀዝቀዣ። አካሉ ከጸደቀ በኋላ ይቆለፋል። ማሻሻያ የሚደረገው በቁጥር በተወሰነ የለውጥ ፈቃድ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመልክ ብለህ የአየር መግቢያ ካጠበብክ በሞቃት ሜዳ መውጫ የለህም። ካርቦን ፍሬን ሲቀዘቅዝ አይዝም፣ ከልኩ በላይ ሲግል ደግሞ ይቃጠልና በፍጥነት ይሳሳል። ፌራሪ በ2024 ሳኦ ፓውሎ ላይ አንድ ፈቃዱን ያዋለው ለፍሬን ማቀዝቀዣ ነበር። እንዲህ ያለ ፈቃድ ውድ ነው፤ ለአፍንጫ ማሳመሪያ ሲጠፋ ያሳዝናል።

ቀለም። ሒሳቡን እንሥራው። የአንድ ሃይፐርካር የሚሸፈን ገጽ ወደ 20 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ጥሩ ተለጣፊ ፊልም ከነሙጫው 80 ማይክሮን ገደማ ሲሆን፣ በካሬ ሜትር 100 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ጠቅላላ 2 ኪሎ። ከላዩ ግልጽ መከላከያ ፊልም ካከልክ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ከነመሠረቱ የተረጨ ቀለም ሦስት ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ረጪው እጁ ከከበደ ይበልጣል። በ1,030 ኪሎ ላይ ይህ ትንሽ ነው። ደግሞም የአቅም ማመጣጠኛው ሕግ ለእያንዳንዱ መኪና የራሱን ክብደት ስለሚመድብ፣ ብዙ ጊዜ መኪናው ለማሟያ ክብደት ይጨመርበታል። የሚጎዳህ ቦታው ነው፤ ማሟያው ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ቀለሙ ግን ጣሪያና ክንፍ ላይ ነው።

ፊልም ስትለጥፍ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦

የፊልም ጠርዝ በክንፍ ግንባር ላይ አይቆምም። ግንባሩን ጠቅልሎ አልፎ በኋለኛው ጠርዝ ይጨርስ። ግንባሩ ላይ ከቆመ ነፋሱ ከሥሩ ይገባና ይገሽልጠዋል፤ የክንፉ ሆድ ላይ ከተንጠለጠለ አየሩን ያላቅቅና ሾፌሩ ምክንያቱን ሳያውቅ የኋላው ይቀልበታል።

ካርቦን ላይ ፊልም በምላጭ አይቆረጥም፤ ክሩ ይጫጫራል። ከፊልሙ ሥር የሚቀመጥ የመቁረጫ ክር ያለው ቴፕ አለ፣ እሱን ተጠቀም።

የጭስ መውጫው አካባቢ ፊልም አትለጥፍ። ሙቀቱ ያለሰልሰዋል፣ ይጨማደዳል፣ ሙጫው ይፈስሳል። እዚያ ሙቀት የሚችል ቀለም ወይም ባዶ ካርቦን ይሁን።

መለዋወጫ አካል ሁሉ ከዋናው ጋር አንድ ላይ ይለጠፍ። ሌሊት ላይ የተቀየረ አፍንጫ ቁጥሩ ከሌለው ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ቀለም ሥራም አለው። ከአንድ ቤት የሚወጡ ሁለትና ሦስት መኪኖች በሌሊት ካልተለዩ የፒት ሠራተኛው ሊሳሳት ይችላል። በ2025 ሌ ማንን ያሸነፈው ቁጥር 83 ፌራሪ ቢጫ ነው፤ ከቀዮቹ 50 እና 51 ጋር ማንም አያምታታውም።

---

የድሮ_ሌማን

«ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆን ነበር?» ላልከው፣ በአብዛኛው አዎ። ነገር ግን ቆንጆ የሆነው ሁሉ ጥሩ አየር ያለው እንዳይመስልህ፤ ዓይን በአየር ጉዳይ ይሳሳታል።

ፖርሽ 917 በ1969 ሲመጣ ጅራቱ ረዥም፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። ሾፌሮቹ ግን በፍጥነት ሲሄድ አይረጋም ብለው ፈሩት። በ1969 ኦክቶበር ኦስትሪያ ኦስተራይኽሪንግ ላይ ሲፈተሽ መሐንዲሱ ጆን ሆርስማን አካሉ ላይ የተለጠፉትን የሞቱ ትንኞች አየ። አካሉ በትንኝ ተሸፍኗል፤ የኋላው ጫፍ ግን ንጹሕ ነው። አየሩ እዚያ አይደርስም ማለት ነው። እዚያው የአልሙኒየም ላሜራ ቆርጠው አጭርና ቀና ያለ ጅራት ሠሩለት፤ መኪናው ወዲያው ረጋ። በ1970 ለፖርሽ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሌ ማን ድል ያመጣው ያ አጭር ጅራት ነው። ለዓይን ግን ረዥሙ ነበር የሚያምረው።

በ1971 ደግሞ የአጭሩንና የረዥሙን ጥቅም አንድ ላይ ለማግኘት ሰፊውን 917/20 ሠሩ። ድቡልቡል ነበር። የፖርሽ የቅርጽ ክፍል ሮዝ ቀብቶ እንደ አሳማ የሥጋ ብልት መስመር አሠመረበት። ውድድሩን አልጨረሰም፤ እስከ ዛሬ ግን ይታወሳል።

በ1999 የነበረው መርሴዲስ ሲ ኤል አር ዝቅ ያለ፣ ከፊትም ከኋላም ከጎማው ወጣ ያለ ረዥም አካል ነበረው። በዚያው ሳምንት ሌ ማን ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ተነሣ። ረዥም አፍንጫ ከፊት መኪና ኋላ ተጠግቶ ጫናው ሲቀልለት፣ ኮረብታ ጫፍ ላይ ቀና ይላል፤ አንዴ ቀና ካለ ወለሉ ራሱ ክንፍ ይሆናል። ዛሬ ሃይፐርካሮች ጀርባ ላይ የምታየው የዓሣ ጀርባ ክንፍ የመሰለ ቋሚ ሳንቃ የመጣው በተመሳሳይ ፍርሃት ነው። በ2011 ለአዳዲስ ፕሮቶታይፖች ግዴታ ሆነ፤ መኪናው ወደ ጎን ሲዞር እንዳይነሣ ያግዛል። በ2012 ደግሞ ከጎማዎቹ በላይ ቀዳዳ ታዘዘ፣ የታፈነው አየር እንዲወጣ። ሳንቃው በመጣ ጊዜ ብዙዎች አስጠላን ብለው ነበር። አሁን ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ቁጥርና ባንዲራ የሚያኖሩበት ትልቁ ሰሌዳቸው ሆኗል።

---

የነፋስ_ዋሻ

ሞላና_ወለል ትክክል ነህ፤ «የሚያስከፍለው የለም» ያልኩትን አነሣለሁ። አንድ ነገር ልጨምርበት። የኤል ኤም ዲ ኤች ቻንሲ የገዛ ፋብሪካ ሠዓሊው እጅ ከማስገባቱ በፊት መቆለፍ ያለበት ነገር አለ፦ የወለሉ ቅርጽ፣ የራዲያተሩ መግቢያና መውጫ፣ የፍሬኑ ቱቦ፣ የፓውዛው ከፍታና ከአፍንጫው ጋር የሚላቀቅበት መስመር። እነዚህ ካለቁ በኋላ የሚቀረው የላይኛው ገጽ፣ የስፖኪዮው እጅ፣ የመብራት መስመሩና የኋላው ጫፍ ነው። እነዚህን ለሠዓሊው ስጥ። ከዚያም የሣለውን በተለያየ የወለል ከፍታና በጎን ነፋስ ፈትሸው፤ የጫናው ማረፊያ ከፊት ወደ ኋላ ብዙ የሚዋልል ከሆነ፣ መኪናው ገና ወረቀት ላይ እያለ መስመሩን አጥፍተህ እንደገና አሥል።

---

ማርሽ_ስድስት

ተመልሶልኛል። የሞንዛውንና የኢሞላውን 9ኤክስ8 ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጬ ከክንፉ ይልቅ የኋላ ጎማውን ስፋት ነው አሁን የማየው።